ሲስተሙ ያስረጀኝ ሰሞን

ስልሳ ዓመት የሞላኝ ማክሰኞ ዕለት ከሦስተኛ ክፍለ ጊዜ በኋላ ነው። ክፍል ስገባ ሃምሳ ሁለት ነበርኩ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆቼን ፊዚክስ አስተምሬ፣ የጠመኔ አቧራዬን አራግፌ ስወጣ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ በር ላይ ጠብቃ ፖስታ ሰጠችኝ። «እንኳን ደስ ያለዎት ቲቸር!» አለችኝ። ምስኪን፣ እድገት መስሏት ነው። ከፍቼ ሳነበው ዕድሜዬ ለጡረታ ስለደረሰ በዓመቱ መጨረሻ እንደምሰናበት፣ ለረጅም ዘመን አገልግሎቴም ምስጋና እንደሚገባኝ ይላል። ማኅተሙ ደግሞ እንዴት ደምቆ እንደተመታ!

ወይ ጉድ! ስሜን ደግሜ አነበብኩት። የአያቴ ስም ሳይቀር ትክክል ነው። በሥራ ዘመኔ ስሜን አንድ ፊደል ሳይስቱ የጻፉልኝ የመጀመሪያው ደብዳቤ ይኸው ሆነ፤ የሳቱት ዕድሜዬን ብቻ ነው።

ያን ዕለት ጠዋት ምን ሳስተምር እንደነበር ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ሰው ለብዙ ዘመን ጊዜን የሚያስበው ሰማይ ላይ እንደተሰቀለ አንድ ትልቅ ሰዓት አድርጎ ነበር፤ ለሁሉም እኩል የሚቆጥር፣ ለማንም የማያደላ። ፈላስፎችም ይህንን ይዘው ስንት መጽሐፍ ጻፉ። በኋላ የሚለኩ ሰዎች መጡና ነገሩን አበላሹት። የሚሮጥ ሰዓት ከቆመው ይዘገያል። ከፍ ያለ ቦታ የተቀመጠ ሰዓት ዝቅ ካለው ይፈጥናል። ቡሌ ደጋ ላይ ያለ ሰዓት ዲላ ካለው በኢምንት ይቀድማል፤ ባትሪው አዲስ ስለሆነ አይደለም፣ ጊዜው ራሱ ነው። «ስለዚህ ልጆች፣ ለሁሉም ሰው የሚሠራ አንድ ‹አሁን› የሚባል ነገር የለም» እልና ጠመኔውን ጠረጴዛ ላይ ጣል አደርገዋለሁ። ይህቺ ጠመኔ የመጣል ነገር የኔ ፈጠራ ናት። ልጆቹ ይወዷታል። አርፍዶ የሚገባው ሁሉ «ቲቸር፣ እኔ በራሴ ሰዓት ቀድሜ ነው የመጣሁት» እያለ መከራዬን ቢያበላኝም፣ ይህንን ትምህርት የማስተምርበትን ሳምንት ዓመቱን ሙሉ ነው የምጠብቀው።

ያን ሁሉ ዓመት ታዲያ የማወራው ስለኔ ሊሆን ይችላል ብዬ አንድም ቀን አላሰብኩም። በሳይንሱ መንገድ በሁለት ሰዎች መሃል የስምንት ዓመት ልዩነት ለመፍጠር አንደኛውን በብርሃን ፍጥነት ግድም ማብረር ያስፈልጋል። የኛ ትምህርት ቢሮ ግን ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ጨረሰው።

ነገሩን አሁን ቀልድ አደረግኩት እንጂ ያን ቀን ደብዳቤውን ስንት ጊዜ አጥፌ እንደዘረጋሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ጡረታ የወጣ ሰው ቡናውን ይኮተኩታል ይሉኛል። ቡና መኮትኮት ከአባቴ ጋር ተጣልቼ የሸሸሁት ሥራ ነው። ቤቴ ውስጥ ደግሞ የፊዚክስ ወሬ የሚሰማኝ የለም፤ ሚስቴ መስማት ካቆመች ሃያ ዓመት ሊሆናት ነው። ክፍል ውስጥ ግን ከኋላ ወንበር የሚያንቀላፋው ልጅ እንኳ ጠመኔዋ ስትወድቅ ብድግ ይላል። ከዚያ ክፍል ካስወጡኝ ማን እንደምሆን አላውቅም ነበር። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው፤ የፈራሁት ይህንን ነው።

በማግስቱ ቢሮ ሄድኩ። የሰው ኃይል ፋይል የምትይዘው ልጅ ተማሪዬ ነበረች፤ ጎበዝ ተማሪ። ስታየኝ ብድግ ብላ ወንበር ሳበችልኝና ስክሪኑን ወደኔ አዞረችው።

«ቲቸር፣ ሲስተሙ ስልሳ ነው የሚለው።»

«ልጄ፣ ሲስተሙን ተዪውና እስቲ እኔን እዪኝ።»

«እያየሁዎት ነው» አለች ፈራ ተባ እያለች፣ «ግን… መነጽርዎም የሲስተሙ ወገን ነው።»

ስህተቱን እሷው ራሷ አገኘችው። ሥራ ስቀጠር ያስገባሁት ማስረጃ የልጅነት የክሊኒክ ካርድ ቅጂ ነበር። ኢዲዶ አካባቢ የነበረ የሚሲዮን ክሊኒክ የሰጠው ስለሆነ ዓመተ ምሕረቱ በፈረንጅ ነው። የዚያን ጊዜው የመዝገብ ቤት ሰው በደንብ አስልቶ ወደ እኛ አቆጣጠር መለሰውና ቅጹ ላይ ጻፈ። ከዓመታት በኋላ ወረቀቱ ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ሌላ ትጉህ ሰው መጣ። የፈረንጅ ካርድ ተያይዞ ሲያይ ቅጹ ላይ ያለውም የፈረንጅ መሰለውና፣ እንዳይሳሳት ተጠንቅቆ፣ እንደገና ስምንት ዓመት ቀነሰለት። ሁለቱም ሥራቸውን አክብረው ሠርተዋል። አንዳቸው እንኳ ሰነፍ ቢሆን ኖሮ እኔ ሰላም አድር ነበር። ባሌ በሚባለው የጌዴኦ የሥልጣን ርክክብ ሥርዓት ሽማግሌዎቹ ሥልጣን ለማስረከብ ስምንት ዓመት ይጠብቃሉ፣ በሬ ያርዳሉ፣ ይመርቃሉ። እኔን ያለ ምርቃት በአንድ ጣት አሻገሩኝ።

«ታዲያ አሁን አስተካክይዋ!»

«ያለ ማስረጃ አይቀበለኝም። የወረቀት ፋይልዎ ደግሞ ቢሮ ስንቀይር ዝናብ ገብቶበት፣ ማኅተሙ እንኳ አይነበብም…»

«እንዴ! እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ማስረጃ የለም?»

«አይቆጡ እንጂ ቲቸር። እርስዎ ራስዎ አይደሉ ያስተማሩን? አንድ ነገር ሳይለካ በፊት ቁርጥ ያለ ዋጋ የለውም ብለውናል።»

«እሱ እኮ ስለ ኤሌክትሮን ነው!»

«ስለ ኤሌክትሮን ብቻ ነው አላሉንም» አለች።

አላልኩማ። እንደውም ያንን ሳስተምር ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እዚህ ዓለም ላይ ያለው ነገር ሁሉ እኛ ሳናየውም እንዳለ አለ የሚለው የቆየ እምነት ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥቷል እላቸው ነበር። ይኸው እንቅልፍ አጣሁ። ልጅቷ የምፈልገውን ነገር በትንሽ ወረቀት ጻፈችልኝ፤ ዋናው ካርድ፣ እና ስወለድ የነበረ ምስክር። «እናትዎ ካሉ ከማንም በላይ ናቸው። ብቻ የጡረተኞቹ ዝርዝር ወደ ላይ ሳይላክ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ» አለችኝ።

እናቴ አለች። ኢዲዶ ነው የምትኖረው። ቅዳሜ ሚኒባስ ይዤ ይርጋጨፌ ወረድኩ፤ ከዚያ ሞተር። ስደርስ ከማስጫው አልጋ አጠገብ ቆማ ቡና እያገላበጠች፣ የተበላሸውን እየለቀመች ነበር። የሷን ዕድሜ ማንም አያውቅም። ስትጠየቅ «ይበቃኛል» ነው መልሷ። ከሰላምታው በኋላ ካርዱን እንደምፈልግ ስነግራት እጇ ቡናው ላይ ቆመ።

«ምን ያደርግልሃል?»

የቢሮውን ጉድ ብትንትኑን አውጥቼ ነገርኳት። ሰምታ ወደ ቤት ገባችና መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ታጥፎ የኖረውን ካርድ ይዛ ወጣች። እኔ ራሴ ካየሁት ሠላሳ ዓመት ያልፈዋል፤ ያኔም ለመቀጠር ስቸኩል የት አየሁት! ስም የለበትም። «ወንድ ልጅ» ይላል፣ የአባቴ ስም አለ፣ ዓመተ ምሕረት አለ። ከታች ክብደት የሚጻፍበት ሰንጠረዥ ነው። አራት ጊዜ ተጽፏል። ከዚያ ወዲያ ባዶ።

«አራት ጊዜ መዝናችሁ ተዋችሁኝ? ምነው፣ ክሊኒኩ ራቃችሁ?» አልኳት እየሳቅኩ።

«ሞተ» አለች።

«ማን?»

«ካርዱ ያንተ አይደለም።»

እናቴ ቡናውን ማገላበጧን ቀጠለችና በጌዴኦኛ፣ ቀስ እያለች፣ ነገረችኝ። እኔ የተወለድኩት ቤት ውስጥ ነው፤ ክሊኒክም ወረቀትም ሳይኖር። ከሦስት ዓመት በኋላ ወንድሜ ሲወለድ ሚሲዮኖቹ ስለነበሩ ወስዳ ካርድ አወጣችለት። መቀመጥ እንደጀመረ ትኩሳት ይዞት ሞተ። እኔ ትምህርት ቤት ስወሰድ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። ያኔ ሕፃናትን የሚመዘግቡት እጃቸውን በአናታቸው አሻግረው የወዲያኛውን ጆሮ እንዲነኩ አድርገው ነው፤ የነካ ይገባል። እኔ ጆሮዬን አልፌ አገጬን ያዝኩ። መምህሩ «ይሄ ሰውዬ ነው፣ ወይ ወረቀት አምጡ» ብሎ መለሰን። አባቴ በማግስቱ ካርዱን ይዞ ሄደ። እቤት ውስጥ የነበረው ወረቀት እሱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ቁጠሩልኝ። በሲስተሙ ስልሳ፣ በወረቀቱ ሃምሳ ሁለት፣ በእናቴ ሃምሳ አምስት። ከሰኞ እስከ ዓርብ አንዱ ተመልካች ከሌላው አይበልጥም፣ ሁሉም ሰዓት ለባለቤቱ ትክክል ነው እያልኩ ስሰብክ ለኖርኩ ሰው የሚገባ ነገር ነው። እናቴን ስነግራት ግን በዚህ ፍልስፍና አልተስማማችም። «እኔ ነኝ የወለድኩህ» አለች፤ በቃ።

«እሺ ይሁን። አንቺ ግን መጥተሽ ካርዱ የልጄ ነው በይልኝ። አንድ ቃል ናት።»

«ልዋሽ?»

የኔ እናት ለሐኪም እንኳ «ትንሽ ተሽሎኛል» ብላ የማትዋሽ ሴት ናት። ያንን እያወቅኩ ደሜ ፈላ። የክፍሌ በር ሲዘጋብኝ ነው የታየኝ። «ወረቀት እኮ ነው እማዬ! እሱ እንደሆነ ሞቷል፤ ምን ያደርግለታል?» አልኳት። ድምፄ ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም። ሰማዩ ጠቁሮ ስለነበር ሸራውን ጎትታ ቡናውን ማልበስ ጀመረች። እኔም ሳላግዛት ሞተር ላይ ወጣሁ። ይህንን ስጽፈው አሁንም ያሳፍረኛል።

በሚቀጥለው ሳምንት እንደ ልማዴ አስተማርኩ፤ ጠመኔዋን ግን አልጣልኩም። ረቡዕ ዕለት ፊት ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ለሁሉም የሚሆን አንድ አሁን ከሌለ፣ ያለፈው ነገር የት ነው ያለው?» አለችኝ። ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አለኝ፤ በየዓመቱ የሚጠይቅ አይጠፋም። እኛ ዲላ ተቀምጠን ይርጋጨፌ የለም አንልም፤ እዚህ አለመሆኑ ብቻ ነው። ትናንትም እንደዚያው ቦታው ላይ አለ፣ አልጠፋም የሚሉ አሳቢዎች አሉ፤ ከአንጻራዊነት ተነሥተው ነው እዚያ የደረሱት። የማይስማሙም አሉ። «ችግሩ» ብዬ እጨምራለሁ፣ «ወደ ትናንት የሚጭን መኪና የለም።» እዚህ ላይ ይስቃሉ። ያን ቀንም ሳቁ።

እኔ ግን ዓረፍተ ነገሩ ከአፌ ሲወጣ ያንን አራት ጊዜ የተመዘነ ሕፃን አሰብኩት። በራሴ ትምህርት ከሄድን የሆነ ቦታ ሚዛን ላይ ተኝቶ እየተወራጨ ነው ማለት ነው። ይህንን ነገር ለስንት ዓመት እንደ ቀልድ ሳወራው ኖሬያለሁ! ለልጆቹ ሥራ ሰጥቼ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ፤ የሌለ ነገር ሳጠፋ ቆየሁ።

ሐሙስ ጠዋት ክፍለ ጊዜ አልነበረኝም። የግቢዬ በር ሲንኳኳ ስከፍት እናቴ ናት። የእሑድ ቀሚሷን ለብሳለች፣ ነጠላዋን አጣፍታለች፣ ካርዱን በፌስታል ጠቅልላ ይዛለች። ለብቻዋ መኪና ይዛ ዲላ መጥታ አታውቅም።

«ቢሮህ ውሰደኝ» አለችኝ።

«ምን ልትያቸው ነው?»

«የሚጠይቁኝን።»

ባጃጅ ላይ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሁለተኛ መጠየቅ ፈራሁ። እውነቱን ብታወጣው የጡረታው ነገር ቀርቶ የሐሰት ማስረጃ የሚባል ጣጣ ይመጣል። ተመለሺ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ፊቷን ሳየው ዋጥኩት።

ልጅቷ እናቴን ሁለት እጇን ዘርግታ ተቀበለቻት። ካርዱን አገላብጣ አየችና ኪቦርዱን ወደ ራሷ ሳበች።

«እማማ፣ ይህ ካርድ የማን ነው?»

«የልጄ ነው» አለች እናቴ በአማርኛ።

«የተወለዱት እዚህ ላይ በተጻፈው ዓመት ነው?»

«አዎ። እኔ ነኝ የወለድኩት።»

ለቢሮው ይህ ይበቃው ነበር። ልጅቷ ግን ሰው መውደዷ ነው መሰለኝ፣ «በምን ወቅት ነበር እማማ? ያስታውሱታል?» አለቻት። እናቴ ወንበሩ ላይ ተስተካክላ ተቀመጠች። አማርኛ ስትናገር ወንድና ሴት ብዙም አትለይም፤ ልጅቷን «አንተ» እያለች ጀመረች።

«አንተ ልጅ፣ ጻፍ። ጠዋት ነው። ዝናብ ነበረ፣ አቆመ። ጠጉሩ ብዙ ናት፣ እስከዚህ። መጀመሪያ አላለቀሰም፤ እኔ ፈራሁ። ቆይቶ አለቀሰ። ጡት ሲጠባ ይችን ጣቴን ይይዛል፣ አይለቅም። ተኝቶም አይለቅም።»

ልጅቷ እየሳቀች ወደኔ ዞረች። «ቲቸር፣ ጣት ይዘው ነው የሚተኙት?» አንገቴን ደፋሁ። የተናገረችው ሁሉ እውነት ነው። አንዱም ስለኔ አይደለም።

«ጤነኛ ሕፃን ነበሩ በሉኛ!» አለች ልጅቷ እየጻፈች።

«እስከ አራተኛው ሚዛን ጤነኛ ነበረ» አለች እናቴ።

ልጅቷ ልብ አላለችውም። እናቴ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች፤ ልጅቷ ሁለት ቦታ ማኅተም መታች፣ አንድ ነገር ተጫነችና ስክሪኑን አዞረችልኝ። ሃምሳ ሁለት። «ይኸው፣ በአንድ ጠዋት ስምንት ዓመት ወጣት ሆኑ!» አለችኝ። ጡረታው ተሰረዘ። አመስግኛት ወጣሁ።

ውጭ፣ አጥሩ ሥር፣ ባጃጅ ለመጠበቅ ቆምን። «አልዋሸሽም» አልኳት።

«ለምን እዋሻለሁ?» አለችኝ። ከዚያ ካርዱን በፌስታሉ መልሳ እየጠቀለለች፣ በጌዴኦኛ፣ ወደኔ ሳታይ ተናገረች። «ከሞተ ጀምሮ ስለ እሱ የጠየቀኝ ሰው የለም። አባትህ እንዲነሳ አይፈልግም ነበር። አንተም የጠየቅከኝ ካርዱን ነው። ያቺ ልጅ ግን መቼ ተወለደ፣ እንዴት ነበረ ብላ ጠየቀችኝ። የነገርኳትን ጻፈችው፣ አይደል?»

«ጻፈችው።»

«አይጠፋም?»

«አይጠፋም እማዬ።»

«ስንት ዓመቱ ነው አለች?»

«ሃምሳ ሁለት።»

«ሃምሳ ሁለት» አለች፣ ቁጥሩን ቀስ ብላ። «ይሄኔ ትልቅ ሰው ሆኖ ነበር።» ከዚያ ቀና ብላ ፊቴን ትኩር ብላ አየችው፤ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ አገጬን። የምታየው እኔን እንዳልሆነ ገባኝ። አይታ እስክትጨርስ ሳልንቀሳቀስ ቆምኩላት።